የክት ሰዓት ጀርባው ምን ይላል?

እስቲ ከመሳቢያው ያውጡት። በአሮጌ መሐረብ ተጠቅልሎ ከፓስፖርትና ከጋብቻ ወረቀት ጋር የተቀመጠውን ያንን የወርቅ እጅ ሰዓት ማለቴ ነው። ባትሪ የለውም። ቀን አይቆጥርም፤ አንዳንዱማ ሰከንድም አይቆጥርም። እንደ ብስኩት ስስ ስለሆነ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ሹልክ ብሎ ይገባል። ልብስን የክትና የዘወትር ብለን እንደምንለየው ሁሉ ይሄም የክት ሰዓት ነው፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ።

ጀበናው እሳት ላይ እስካለ ድረስ ጊዜ አለን። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና የስልክዎን መብራት ያዘጋጁ። ማን እንደሠራው፣ ወርቅነቱን ማን እንደመሰከረለት፣ በማን በማን እጅ እንዳለፈ እንጠይቀዋለን። ሁሉንም ጽፎ ይዞታል።

እኔ ይዤ የቀረብኩት የአባቴን ነው። ነፍሱን ይማርና፣ «ለሠርጌ አዲስ የገዛሁት» እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያሳየው 18 ካራት ኦሜጋ ነበረው፤ በእጅ የሚሞላ። የእርስዎ ስሙ ሌላ ቢሆን ግድ የለም፤ አነባበቡ ያው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ዓመት ሲመጣ እነግርዎታለሁ።

ከፊቱ እንጀምር። ከ6 ቁጥር በታች፣ የገጹ ጠርዝ ላይ፣ ጉንዳን የጻፈችው የምትመስል ጽሑፍ አለች፦ «ስዊስ ሜድ»። ከጽሑፏ ግራና ቀኝ ጭራ ያላት ትንሽ ክብ ካዩ ደስ ይበልዎ። ሲግማ የምትባል የግሪክ ፊደል ናት። የባትሪ ሰዓት ብቅ ባለበት በ1970ዎቹ አንዳንድ የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ጠቋሚዎቹና የሰዓት ምልክቶቹ ራሳቸው ከወርቅ መሠራታቸውን የሚያሳውቁባት ምልክት ነበረች።

ቀጥሎ መስታወቱ። የድሮ የክት ሰዓት መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ካላመኑኝ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ያንኳኩትና ከዚያ የውሃ ብርጭቆ ያንኳኩ። ብርጭቆው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ሰዓቱ ድፍን ያለ።

ኦሜጋ ከሆነ አንድ የተደበቀ ነገር ላሳይዎ። የስልክዎን መብራት ከጎን አጋድመው ያብሩና የመስታወቱን መሃል፣ ጠቋሚዎቹ ከሚጋጠሙበት በላይ፣ ትክ ብለው ይመልከቱ። ፋብሪካው ራሱ ያወጣው መስታወት ከሆነ የፈረስ ጫማ የምትመስል፣ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ምልክት ትታያለች። የኦሜጋ ፊደል ናት። አባቴ ይህን ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስር ያቺን ምልክት አንድ ቀን እንዳየ አልሰማሁም። እኔም ያገኘኋት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው።

መስታወቱ ተጭሮ ደብዝዞ እንደሆነ ፕላስቲክነቱ ይጠቅመናል። ነጩን የጥርስ ሳሙና (ጄሉን አይደለም) በለስላሳ ጨርቅ ጫፍ ትንሽ ይውሰዱና ለጥቂት ደቂቃ እያዞሩ ይሹት፤ ከዚያ ርጥበት በሌለው ጨርቅ ይጥረጉት። የጥርስ ሳሙና ማለት በጣም የደቀቀ የአሸዋ ወረቀት ማለት ነው፤ ቀላል ጭረቶችን ልጎ ይወስዳቸዋል። ብቻ አደራ፣ ቧንቧ ሥር እንዳያስገቡት። የክት ሰዓት ዝናብ እንኳ አይወድም።

አሁን ይገልብጡት። ማሰሪያው የሚገባባቸው አራት እግሮች አሉ አይደል? የእግሮቹን የታችኛውን ገጽታ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይዩ። የእኔ ላይ የሩዝ ፍሬ ጫፍ የማታህል የሴት ጭንቅላት ታትማለች። ከጎን የተቀረጸች፣ ፀጉሯን ያሰረች።

እሷ ሄልቬሽያ ናት። ስዊዘርላንዶች አገራቸውን በሴት አምሳል ሲስሉ የሚሏት ስም ነው፤ ሳንቲማቸውም ላይ አለች። በ1880 ባወጡት ሕግ መሠረት የእሷ ጭንቅላት የታተመበት ቀፎ 18 ካራት ወርቅ ነው። 14 ካራት ከሆነ በእሷ ፋንታ ሽኮኮ ይታተማል። አዎ፣ ጭራዋን ያቆመች ሽኮኮ። ከነሐሴ 1995 ወዲህ ግን ሁለቱም ቀርተው ለወርቁም፣ ለብሩም፣ ለፕላቲነሙም አንድ የውሻ ጭንቅላት ሆኗል፤ በበረዶ ተራራ ላይ መንገደኛ በማዳን የታወቀው የቅዱስ በርናርድ ውሻ። እንግዲህ ሴቲቱን ወይም ሽኮኮዋን ካገኙ ሰዓትዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ሽኮኮዋ ከውሻው ትበልጥብኛለች።

ማኅተሙ እግሩ ላይ ለምን አስፈለገ? ክዳን ይፈታላ! ከአንድ የወርቅ ሰዓት ላይ የታተመ ክዳን አንስቶ የነሐስ ቀፎ ላይ የሚገጥም ብልጥ አይጠፋም። ስለዚህ ክዳኑም ቀፎውም ለየብቻ ይመሰክራሉ። የሁለቱ ምስክርነት ካልገጠመ ነገር አለ።

ካራት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሊጥ ቤት ገብተን እንየው። አንድ ማሰሮ ሊጥ ለማቡካት 24 ጣሳ ዱቄት ይሰፍራሉ እንበል። 24ቱም ጤፍ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ 24 ካራት። 18 ጣሳ ጤፍና 6 ጣሳ ማሽላ ከሆነ 18 ካራት። 18ን ለ24 ሲያካፍሉ 0.75 ይመጣል፤ ስለዚህ ነው ሰዓቱ ላይ 0.750 ወይም 750 ተብሎ የሚጻፈው። ከሺህ እጅ 750ው ወርቅ ነው። 14 ካራት ላይ 585 ይጻፋል፤ እንግሊዞች የሚወዱት 9 ካራት ላይ ደግሞ 375። ያኛው ጤፍ ያነሰበት እንጀራ ነው፣ ግን እንጀራ ነው።

የቀረው ስድስት ጣሳ ብርና መዳብ ነው። ንጹሕ ወርቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ የሰዓት ቀፎ ቢሆን ጠረጴዛ በነካ ቁጥር ይሰረጉድ ነበር። መዳቡ ከበዛ ወርቁ ወደ ቀይ ያደላል፤ ብሩ ከበዛ ፈዘዝ ይላል። የሰዓትዎን ቀለም ከጣት ቀለበትዎ ጋር አጠጋግተው ይዩት፤ ሁለቱም 18 ካራት ሆነው መልካቸው ሊለያይ ይችላል።

ታዲያ ሴቲቱን የሚያትማት ማን ነው? ሰዓት ሠሪው ቢሆን ዋጋ አልነበራትም፤ ማን ለራሱ ይመሰክራል? የሚያትመው የመንግሥት የወርቅ መመርመሪያ ቢሮ ነው። በጭንቅላቷ ላይ ደግሞ ከእሷም ያነሰች አንዲት ምልክት አለች፤ የትኛው ከተማ ያለው ቢሮ እንደመረመረው የምትናገር።

አመራመሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን ወርቅ ቤት ሲሠራ አይተውት ይሆናል፦ ወርቁን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈግፍገው መስመር ያሰምራሉ፣ መስመሩ ላይ አሲድ ያንጠባጥባሉ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ሳይለወጥ ያያሉ። ሁለተኛው ግን የእሳት ፈተና ነው፣ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው።

ከወርቁ ትንሽ ፍቅፋቂ ይወሰድና በትክክል ይመዘናል። ትንሽ ብር ይጨመርበትና በእርሳስ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከተቃጠለ አጥንት አመድ በተሠራች ሲኒ ውስጥ ተቀምጦ ኃይለኛ ምድጃ ይገባል። እርሳሱ ይቀልጣል፤ መዳቡንና ሌላውን ተራ ብረት ሁሉ ይዞ፣ እንጀራ ወጥ እንደሚመጥ፣ አመዱ ሲኒ ውስጥ ይሰርጋል። የሚቀረው አንድ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው፤ ወርቅና ብር ብቻ። ብሩን በናይትሪክ አሲድ ያሟሙታል። ከዚያ የተረፈው ወርቅ ይመዘናል። መጀመሪያ ከነበረው ክብደት ሦስት አራተኛ ከሆነ ሴቲቱ ትታተማለች። ካልሆነ አትታተምም።

ይህ የምስክር ነገር ከስዊሶችም በፊት የነበረ ነው። እንግሊዞች በ1300 የነብር ጭንቅላት ማተም ጀመሩ፤ በ1478 ደግሞ ለየዓመቱ አንድ ፊደል ጨመሩ። የእንግሊዝ ማኅተም ያለው ሰዓት ከገጠመዎ ፊደሏን ይፈልጉ። የፊደሏ ቅርጽና ዙሪያዋ ያለው ጋሻ ዓመቷን በትክክል ይናገራል። መልሕቅ ካዩ ደግሞ በርሚንግሃም ነው። በርሚንግሃም ባሕር የለም፤ መልሕቅ እንዴት እንደሆነ ግን አሁን አንገባበትም፣ ቡናው እየፈላ ነው።

አሁን ክዳኑን መክፈት አለብን፤ ዋናው ንባብ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን በቢላ እንዳይሞክሩት። እኔ ሞክሬያለሁ። ሽንኩርት በምከትፍበት ቢላ ጠርዙን ሳንሸራትት ቢላው አመለጠኝና በወርቁ ላይ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ጭረት ተወ። ከዚያ በኋላ ጎዳና ዳር በትንሽ የመስታወት ሣጥን ወደሚሠራ ሰዓት ጠጋኝ ወሰድኩት፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በአንዲት አጭር ብረት ጠቅ ሲያደርገው ተከፈተ። ቢላ የያዘው ሰው እኔ መሆኔን ሳልነግረው ጭረቱን አይቶ ፈገግ አለ።

የክዳኑ ውስጥ እንዲህ ይነበባል። ከላይ የኩባንያው ስም። ሥሩ «ፋብ. ስዊስ»፣ የስዊስ ሥራ ማለት። ከዚያ የሚዛን ሥዕል፣ በውስጡ 18 ካራት፣ 0.750። ከጎኑ ሄልቬሽያ እንደገና። ረጅም ቁጥር። በመጨረሻም አንዲት መዶሻ፤ በመዶሻዋ ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁጥር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የኩባንያውን ስም አይቶ ክዳኑን ያስከድናል። ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ጣፋጩ መዶሻዋ ናት።

ኦሜጋ የሚለው ስም የሰዓቱን ልብ የሠራውን ይነግረናል። የወርቅ ቀፎው ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ቀፎ ሠሪዎች የራሳቸው ሙያ፣ የራሳቸው ወርክሾፕ ነበራቸው፤ ለአንዱም ለሌላውም ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ስማቸውን ግን በሰፊው አይጽፉም፤ ሰዓቱ በሌላ ስም ነው የሚሸጠው። የድግስ ወጥ የምትሠራ ሴት ስሟ በመጥሪያ ካርዱ ላይ እንደማይወጣ ማለት ነው። ወጡ ቢበላሽ ግን ጓዳው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል።

ስዊሶች ለዚህ ብልሃት አበጁ። ለቀፎ ሠሪዎች የጋራ ምልክት ተሰጠና እያንዳንዱ ሠሪ በምልክቱ ውስጥ የራሱ ቁጥር ተመደበለት። አንደኛው ምልክት መዶሻ ነው። የጄኔቭ ሠሪዎች ምልክት ቁልፍ ነው፤ ከከተማዋ አርማ ላይ የተወሰደ፣ ግማሹ ንስር ግማሹ ቁልፍ ከሆነው። ገዢው ቁጥሩን አይቶ ምንም አይገባውም። ወርቁ ጎደሎ ሆኖ ከተገኘ ግን መዝገቡን የያዘው ሹም በቁጥሩ በቀጥታ የሠሪው ቤት ይደርሳል። ስም ተደብቆ ኃላፊነት አይደበቅም።

ከጊዜ በኋላ ነገሩ ተገልብጦ ቁጥሮቹ ዝነኛ ሆኑ። ለሰዓት ኩባንያው ለፓቴክ ፊሊፕ ቀፎ ከሠሩት የጄኔቭ ሰዎች መካከል የቬንገር ቁልፍ 1 ነበር፣ የኤሚል ቪሼ ቁልፍ 9። ዛሬ የድሮ ሰዓት ሰብሳቢዎች ማጉያቸውን ይዘው ያቺን 9 ይፈልጋሉ። የጄኔቭ ነገር ከተነሳ፣ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል ቁጥሩ 2497፣ በኅዳር 2017 እዚያው ጄኔቭ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣና ከመሸጡ በፊት ከጨረታው ወጣ።

በነገራችን ላይ በክዳኑ ውስጥ የተጻፈ ሁሉ የሠሪ ስም አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው «ብሬቬት» የሚባል ዝነኛ ሰዓት አለኝ ብሎ ለሳምንታት ገዢ ሲፈልግ ነበር። ብሬቬት በፈረንሳይኛ የፈጠራ መብት ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የተለያዩ ሰዓቶች ላይ አለ።

ከሁሉ በላይ ሊያነቧት የሚገባ አንዲት ሐረግ ግን አለች፤ «ፕላኬ ኦር» ወይም «20 ማይክሮን»። ይህ ከታየ ሰዓቱ ወርቅ የተቀባ ነው፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ነሐስ ነው። ክዳኑ ላይ «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ከተባለ ደግሞ ክዳኑ ጭራሽ ብረት ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሠሪዎቹ በግልጽ ጽፈውታል፣ ያላነበብነው እኛ ነን።

20 ማይክሮን ምን ያህል ነው? አንድ እሽግ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ያምጡ፤ 500 ወረቀት የሚይዘውን። በማስመሪያ ከፍታውን ይለኩት። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለ500 ሲያካፍሉት አንዷ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 100 ማይክሮን ትሆናለች። ወርቁ እንግዲህ የአንዷን ወረቀት አንድ አምስተኛ ነው የሚወፍረው። ለዚያ ስስነቱ ግን አያሳፍርም፤ ብዙ ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ የሚሳሳው የሸሚዝ እጅጌ የሚፈትገው ቦታ ነው፣ የእግሮቹ ማዕዘን። እዚያ ላይ ሌላ ቀለም ከታየ ጥያቄው ተመለሰ።

ቀፎና ልብ ከተለያየ አገር የመጡም አሉ። በእንግሊዝ አገር በተሸጡ ብዙ የድሮ ኦሜጋና ሮሌክስ ሰዓቶች ውስጥ «ዴኒሰን» የሚል ስም ይገኛል። አሮን ዴኒሰን በ1812 አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ሰዓትን በማሽን፣ አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር እንዲገጥም አድርጎ ለመሥራት ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ የጀመረው ነገር በኋላ ዎልታም የተባለው ትልቅ ፋብሪካ ሆነ። እሱ ግን ኋላ እንግሊዝ ተሻግሮ በርሚንግሃም ላይ የሰዓት ቀፎ መሥራት ያዘ። በ1895 ሞተ፤ ድርጅቱ እስከ 1967 ቆየ። ከስዊስ የመጣ ልብ፣ አሜሪካዊ ባቋቋመው ቤት በተሠራ የእንግሊዝ 9 ካራት ቀፎ ውስጥ ተቀምጦ ይሸጥ ነበር።

ማኅተም ሊጭበረበር ይችላል፤ ወርቅን በክብደቱ መያዝ ግን ይቻላል። ይህን በሰዓቱ ሳይሆን ድንጋይ በሌለው የጣት ቀለበትዎ ይሞክሩት። የሚያስፈልገው የግራም መቶኛ የምታሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው፤ አንድ አንድ ግራም እየዘለለ የሚቆጥር የኩሽና ሚዛን አይበቃም። ቀለበቱን ይመዝኑ፤ 6 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት የቡና ሲኒ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ቀለበቱን በስፌት ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያስገቡት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ 0.39 አካባቢ። 6ን ለ0.39 ያካፍሉ። ከ15 እስከ 16 ከመጣ 18 ካራት ወርቅ የሚለው ክብደት ነው። ነሐስ ቢሆን 8 ተኩል አካባቢ ይመጣል። ቀለበቱ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግን ሒሳቡ ያታልላል።

ማግኔት የሚያቀርቡ ሰዎችም አሉ። አያቅርቡ። ነሐስም እንደ ወርቅ በማግኔት አይሳብምና ምንም አያሳይዎትም፤ ሰዓቱን ግን ያሳብደዋል። ውስጡ ያለው ጥቅል ሞላ ማግኔት ከያዘው ክቦቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ሰዓቱ መሮጥ ይጀምራል። የክት ሰዓትዎ በቀን ብዙ ደቂቃ ከቀደመ የስልክዎን ቀፎ ማግኔት ወይም ድምፅ ማጉያውን ይጠርጥሩ።

ወደ ልቡ እንግባ። መሙያውን በሁለት ጣት ይዘው ያዙሩት፤ ጠንከር ብሎ እምቢ ሲልዎ ይተዉት። «ብዙ ሞልቼው ተበላሸ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። የሰዓት ሞላ ከመጠን በላይ ተሞልቶ አይቆምም፤ ሙሉ ሆኖ የማይሄድ ሰዓት ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆበት ነው።

አሁን ሰዓቱን በተገለበጠ የቡና ሲኒ ላይ ያስቀምጡና ጆሮዎን ያስጠጉ። ሲኒው ልክ እንደ ክራር ሆድ ድምፁን ያጎላዋል። በስልክዎ ቀድተው አዝግመው ያጫውቱት። በብዙ የዚያ ዘመን ሰዓት በሰከንድ አምስት ምት ይቆጥራሉ። በሰዓት 18,000፣ በቀን 432,000።

ምቱ ሹካ የሚባል ትንሽ ክፍል ድምፅ ነው። ሞላው የመጨረሻውን ባለ ጥርስ ጎማ በኃይል ይገፋዋል፤ የሚይዘው ባይኖር በሰከንዶች ውስጥ ተሽከርክሮ ያልቅ ነበር። ሹካው እንደ ታክሲ ወረፋ አስከባሪ መንገዱ ላይ ቆሞ አንድ ጥርስ ያሳልፍና ይዘጋል፣ አንድ ያሳልፍና ይዘጋል። መቼ እንደሚከፍት የሚነግረው ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ጎማ ነው። ጎማውን የሚመልሰው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነው ጥቅል ሞላ ነው፤ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1675 ለዓለም ያሳወቀው።

ልቡ ላይም ጽሑፍ አለ። የአባቴ ሰዓት ልብ መዳብ የመሰለ ሮዝ ቀለም አለው፤ የዚያ ዘመን ኦሜጋ መለያ ነው። ኦሜጋ ከ1939 እስከ 1963 ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ከሠራው ባለ 30 ሚሊ ሜትር ልብ አንዱ ነው። «17 ጁዌልስ» ይላል። ያ ማለት 17 የሩቢ ድንጋዮች አሉበት። ቀያዮቹን ነጥቦች ዓይንዎ ወዲያው ያገኛቸዋል። ለጌጥ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ጠንካራ ቀዳዳዎች ናቸው። ሩቢ ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ጥንካሬ አለው፤ ብረት በላዩ ቢሽከረከር ቶሎ አይበላም። ውድ መስለውዎት እንዳይፈቷቸው። በ1902 ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ ሩቢን በእሳት ነበልባል መሥራት እንደሚቻል አሳውቆ ዋጋቸውን አወረደው።

ከሚወዛወዘው ጎማ መሃል ላይ ደግሞ የወርቅ መልክ ያላት አንዲት ትንሽዬ ክራር አለች። ክራር ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ቅርጿ ቁርጥ ክራር ነው። ሰዓቱ ሲወድቅ ድንጋዩን አቅፋ ድንጋጤውን የምትውጥ ሞላ ናት፤ ኢንካብሎክ ትባላለች። ይህም ስም አንዳንድ ገጽ ላይ ስለሚጻፍ የሰዓቱ ሠሪ ስም የሚመስላቸው አሉ።

የልቡ ተራ ቁጥር ከ16 ሚሊዮን ያልፋል። የኦሜጋን ቁጥር ከዓመት ጋር የሚያዛምዱ ሰንጠረዦች ይህን 1958 ገደማ ያደርሱታል። እዚህ ጋ ነው ትንሽ ያሰብኩት። አባቴ ያገባው በእኛ አቆጣጠር በ1962 ነው። በፈረንጆቹ ብንቆጥረው 1969 ወይም 1970። ሰዓቱ ሱቅ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ ጠበቀው?

ጠጋኙ ሰውዬ መልሱን በጥፍሩ አሳየኝ። በክዳኑ ውስጥ፣ ከማኅተሞቹ መሃል፣ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ጽሑፎች አሉ፤ በዓይን የማይታዩ፣ ሲያጋድሉት ብቻ ብልጭ የሚሉ። ሰዓት ጠጋኞች ሠርተው ሲጨርሱ የሚተዉት ማስታወሻ ነው፤ ቀን፣ የስም ምልክት፣ ሰዓቱ ቢመለስ ማን እንደነካው እንዲታወቅ። የመንግሥት ሹም አላዘዘውም፤ የሙያው ልማድ ነው። የእርስዎም ሰዓት ሲከፈት ክዳኑን አጋድለው ያዩት ዘንድ ጠጋኙን ይለምኑት።

የአባቴ ላይ ሁለት አሉ። አንደኛው በላቲን ፊደል ነው፣ ከጎኑ 3.63፤ መጋቢት 1963። ሁለተኛው በእኛ ፊደል፣ ጎበጥ ባለ እጅ፣ «ጥር 64» ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር 1964፣ ከሠርጉ በኋላ። ይህኛውን አባቴ ራሱ አስጠግኖት መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ግን አባቴ ሊያስጠግነው አይችልም። ያኔ ገና ተማሪ ነበር፣ የወርቅ ሰዓት ቀርቶ ሰዓትም አልነበረውም።

ማታ እናቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ፈራ ተባ እያልኩ ነው የነገርኳት፤ «አዲስ ነው» የሚለው ታሪክ የሠርጉ ታሪክ አካል ነው። ሲኒውን አስቀምጣ ሳቀች።

«ያኔም አውቄዋለሁ» አለች። «ለሠርጉ ማሰሪያውን ሲያስር ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። የሰፋው ግን አምስተኛው ነው።»